የጉዞው አባት ብርጭቆ

ሐሙስ፣ መስከረም 3

ዝናብ። ጠዋት የጣሪያውን አሸንዳ ጠረግሁ፤ ቅጠል ብቻ። ምሳ ከትናንት የተረፈ የምስር ሾርባ። ከሰዓት ትንሽ እንቅልፍ። ማታ እንደ ሁልጊዜው ማኅበር።

አራታችንም ነበርን። እኔ፣ ሉድገር፣ ኤካርት፣ ዲትማር። በኢርምጋርድ መጠጥ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ኳስ እያንከባለልን ዘጠኝ እንጨት መጣል ከጀመርን ስንት ዓመታችን ነው? ኤካርት ያውቃል። አስተማሪ ስለነበር እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም።

ዛሬ ግን የበጋው መጨረሻ ሐሙስ ነው። በዚህ ቀን ትንሽ እንጨት የጣለ ሰው የዓመቱን ጉዞ ያሰናዳል፤ "የጉዞው አባት" ይባላል። ከተማውን ማኅበሩ ይመርጣል፣ የሚጠጣበትን ቤት አባትየው። ዘንድሮ ኮሎኝ።

ተሸነፍኩ። በዲትማር እንኳ። ዲትማር እኮ ወገቡን ታሞ በአንድ እጁ ግድግዳ ተደግፎ ነው ኳሱን የለቀቀው።

"ቪሊ አባታችን" አለ ሉድገር፣ ጀርባዬን በዚያ ሰፊ መዳፉ እየደለቀ። "ስማ፣ የሙዚየም ነገር እንዳታመጣብን። ትልልቁን ጠመቃ ቤት፣ ትንንሾቹን ጠማቂዎች፣ ሃያ ቧንቧ የሚቀዳባቸውን ቤቶች... አንድም እንዳይቀርህ። ቧንቧ ላይ ማንም እንደማያታልለኝ ታውቃለህ።"

የቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ ይህን ቀልድ በየዓመቱ ይቀልዳታል። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ቆምኩ።

ዓርብ፣ መስከረም 4

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ በግልጽ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

መጠጣት አልችልም። አምና በመከር ሆስፒታል ስተኛ ለማኅበሩ "የሐሞት ጠጠር ነው" አልኳቸው። አይደለም፤ ቆሽቴ ነው። ሰው ቆሽቴ አረረ የሚለው ሲናደድ ነው፣ የእኔ የምሩን አረረ። ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ "አቶ ሆፔ፣ ልቀንስ የሚሉት ነገር እርስዎ ዘንድ አይሠራም። አንዱ ብርጭቆ ሌላውን ይጠራል። ሁለተኛ ወደዚህ ሲያመጡዎት ላንደርስልዎት እንችላለን" አለችኝ። ልጅ ቢኖረኝ የልጄ እኩያ ትሆን ነበር። ፊቷ ላይ ማስፈራራት የሚባል ነገር የለም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልቀመስኩም። የምታውቀው ኢርምጋርድ ብቻ ናት። መጠጥ ቤቷ ውስጥ እያንዳንዳችን ምስማር ላይ የሚንጠለጠል የየራሳችን የሸክላ ኩባያ አለን። የእኔን ወጥ ቤት ትወስደውና አልኮል የሌለውን ቢራ ከጠርሙስ ትቀዳልኛለች። ሸክላ ምኑን ያሳያል? አረፋውም ያው አረፋ ነው። ሉድገር ኩባያውን ከኩባያዬ ያጋጫል፣ እኩል እንጠጣለን፣ ማንም ምንም አይጠረጥርም።

ለምን አልነግራቸውም? ሃርትሙት ነዋ። አምስተኛችን ነበር። ልቡን ታመመ፣ መጠጥ አቆመ፣ ነገረን። "ጎበዝ" አልነው። ጥቂት ሐሙስ ለስላሳውን ይዞ ተቀመጠ። ማንም አላባረረውም። ግን እሱ ሲገባ ጨዋታው ይቀዘቅዛል... ከዚያ እሱን መጥራት ተረሳ፣ ከዚያ እሱም ተወው። ኩባያው አሁን ባንኮኒው ላይ የጥርስ መጎርጎሪያ ይቆምበታል።

ሚስቴ ሮስቪታ ከሞተች ወዲህ ይቺ ቤት ከሐሙስ በቀር ምን አላት? ዓርብ ስነሳ መጪውን ሐሙስ ነው የማስበው። እሱን ካጣሁ... አልቀጥልም፣ ይብቃ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 8

ስልክ ስደውል ዋልኩ። ስፈራ ማለት ይሻላል።

መጀመሪያ ኤረንፌልድ ሰፈር፣ አሮጌ የትራም ጋራዥ ውስጥ የሚጠምቁት ልጆች ዘንድ። ሊዮኒ የምትባል ሴት አነሳች። ጠማቂዋ እሷው ናት። በአንድ ጣውላ ላይ ስድስት ትንንሽ ብርጭቆ አሰልፈው ያቀምሳሉ፤ አንዱ በተጠበሰ ብቅል፣ አንዱ በቼሪ፣ አንዱ በጭስ።

"አልኮል የሌለው አላችሁ?" አልኩ።

"አንድ አለን። ለስንት ሰው ነው?"

"ለአንድ። ግን... እንዳይታወቅ።"

ስልኩን ልዘጋ ነበር። "ገባኝ፣ አባባ" አለች። "የእርስዎን ጣውላ እኔ ራሴ እሞላዋለሁ። አንዱን በቼሪ ጭማቂ፣ አንዱን በብቅል ሽሮፕ አጠቁርልዎታለሁ። እናቴንም እንዲህ ነበር የምሸፍናት።" ስለ እናቷ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ?

ካቴድራሉ አጠገብ ያለው ትልቁ ጠመቃ ቤት ግን ፈተና ነው። የሚቀዱት ባለሽርጦቹ አስተናጋጆች ናቸው፣ ኮቤስ ይሏቸዋል። ኮሎኝ ውስጥ ማንም ድራፍት አያዝዝም። ብርጭቆህ ሲጎድል ኮቤሱ ብርጭቆ የተደረደረበትን ክብ ማዞሪያ ይዞ መጥቶ ሙሉውን ያስቀምጥልሃል። በቃኝ ያለ ሰው ከብርጭቆው ሥር የምትነጠፈውን ክብ ካርቶን ብርጭቆው አፍ ላይ ይከድናል። ካልከደንክ ዝም ብሎ ይመጣል። ብርጭቆዎቹም ቀጫጭን፣ ጥርት ያሉ። ሸክላ የለም።

ፒት የሚባል ኮቤስ አገኘሁ። ሲሰማኝ በአፍንጫው ሳቀ። "አልኮል የሌለው በኛው ብርጭቆ? ምነው፣ አርግዘሃል እንዴ?" አለኝ። እንደምንም ለመንኩት። በመጨረሻ ለስለስ አለ። "ቅዳሜ ከምሳ ሰዓት እስከ አሥር ድረስ እኔ ነኝ። በዚያ ሰዓት ና። ከማዞሪያው ላይ ያንተን ሁልጊዜ መጨረሻ አነሳለሁ። ከአሥር በኋላ ለሚሆነው ግን የለሁበትም።"

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት። በትልቁ ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት።

ሐሙስ፣ መስከረም 10

ዕቅዱን አነበብኩላቸው። ዓርብ ማታ የትራም ጋራዡ። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ካቴድራሉ አጠገብ። እሑድ ባቡር ከመሳፈራችን በፊት ጣቢያው አጠገብ ብዙ ቧንቧ ያለው ቤት።

ኤካርት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ "ቅዳሜ ለምን ቀን? ጠመቃ ቤት ማታ ነው የሚያምረው" አለ።

"ማታ ቱሪስት ይሞላል" አልኩ።

"ይሞላ! እኛስ ምንድን ነን?" አለ ዲትማር። ዳቦ ጋጋሪ ስለሆነ ሁሌም እንቅልፉን ነው የሚያስበው። "ግን ለእኔ ቀን ይሻለኛል። ማታ ወንበር ላይ ነው የምተኛው።"

ሉድገር ኩባያውን ጨርሶ የእኔን አየ፣ ከዚያ ኢርምጋርድን በጣቱ ጠራ። "ለአባታችንም ለእኔም" አለ።

እሑድ፣ መስከረም 13

ሕልም አየሁ። ኮሎኝ ነን። ብርጭቆዬ ጎደለ፣ ሌላ መጣ። ካርቶኗን እከድናለሁ፣ ኮቤሱ አንስቶ ይጥላታል። እከድናለሁ፣ ይጥላል። በሕልሜ አልጠጣሁም፣ ግን ስነቃ አፌ ይጣፍጠኝ ነበር። ይኸው ነው የሚያስፈራው... ሞቱ አይደለም። አፌ ይጣፍጠኝ ነበር።

ብታመምስ? ጉንፋን ነው ብል? የጉዞው አባት ታምሞ ቀርቶ አያውቅም። ሉድገር በር ሰብሮ ነው የሚወስደኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 24

ነገ ነው። ዛሬ ማታ ደግሞ የረሳሁት ነገር መጣብኝ።

በጉዞው ዋዜማ የአባትየው ኩባያ ይዞራል። መጀመሪያ አባትየው ይቀምሳል፣ ከዚያ ሁሉም ከዚያው ኩባያ። እንዴት ረሳሁት? ከእኔ ኩባያ ሲቀምሱ አልኮል እንደሌለው ይታወቃል። ዲትማር እርሾ በአፍንጫው የሚለይ ሰው ነው።

ኢርምጋርድ ግን አልረሳችም። ወጥ ቤት ሳትገባ እዚያው ባንኮኒው ላይ ከቧንቧው ስትቀዳልኝ አየሁ። እውነተኛውን። ዐይኗ ዐይኔን ያዘ። ምን ታድርግ?

ኩባያውን አነሳሁ። ሽታው... ዳቦ፣ የቢራ ጌሾ፣ የድሮ ሐሙሶች። ከንፈሬን ዘግቼ አረፋው ውስጥ ነከርኩ። ጉሮሮዬን ዋጥ ዋጥ አደረግሁት፣ ምራቄን። ከዚያ በእጅጌዬ ከንፈሬን ፈተግሁ። ሲዞር ሲዞር ሉድገር ዘንድ ደረሰ። ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ እስከ ጭላጩ አወረደው። በሁለት እጁ። በአንድ እጁ ብሎን የሚፈታ ሰው።

ቤት ገብቼ ሸሚዙን አጠብኩት። እጅጌው ይሸተኝ ነበር።

ዓርብ፣ መስከረም 25

ኮሎኝ። ሆቴል፣ ክፍል የየራሳችን።

ባቡሩ እንደ ልማዱ ዘገየ። ዕድሜዬን ባቡር ላይ ስለሠራሁ እኔን ነው የሚሰድቡኝ። የዚግን ወንዝ ተከትለን ስንወርድ ሉድገር ከፔርሙዙ ይጠጣ ነበር። "ቡና ነው" አለ፣ ሳልጠይቀው። ሰው ሳትጠይቀው መልስ ሲሰጥህ አልሰማሁም ማለት ይቀላል። ደግሞ የራሴ ጣጣ አለብኝ።

ጋራዡ አምሮበታል። በርሜሎቹ የትራም ሐዲድ ላይ ቆመዋል። ሊዮኒ ጸጉሯን ተላጭታለች፣ እጇ እስከ ክንዷ በንቅሳት የተሞላ። ዲትማር ፈራት። እኔ ግን ስታየኝ አንዴ በዐይኗ ጠቀስ አድርጋኝ ጣውላዬን ፊቴ ስታኖረው ላቅፋት ቃጣኝ።

ኤካርት ፈተና ይወዳል፤ አስተማሪነቱ አልለቀቀውም። "እስቲ አባታችን፣ ሦስተኛው ላይ ምን ቀመስክ?" አለኝ። ሁሉም አፌን ያያሉ። የእኔ ስድስቱም አንድ ናቸው... ቀለማቸው ብቻ ነው የሚለየው።

"ጭስ" አልኩ።

"ጭስ አራተኛው ነው።"

"ሰውዬው አፍንጫው ጡረታ ወጥቷል" አለ ዲትማር። ሳቁ። ሊዮኒ በአጠገባችን ስታልፍ፣ "ሦስተኛውም ላይ ትንሽ ጭስ አለ፣ ብዙ ሰው አያገኘውም" አለች። ኤካርት እንደገና ቀመሰ፣ አሰበ፣ "እውነትም" አለ።

አንደኛው ቤት አለፈ። የነገው ይቀራል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 26

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ ካልሆነ አልጨርሰውም።

ቁርስ ላይ ሉድገር የለም። ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ከውስጥ ማስመለስ ይሰማል... ረጅም፣ ደረቅ። "ሉድገር?" "ቋሊማው ነው! ተወኝ!" ወርጄ ስነግራቸው ዲትማር ዳቦውን አስቀመጠ። "ያንኑ ቋሊማ እኮ አራታችንም በልተነዋል" አለ። ኤካርት መስኮት መስኮት አየ።

ምሳ ሰዓት አለፈ። እንሂድ፣ ይከተለን አልኩ። "ማኅበር ተከፋፍሎ አይሄድም" አለ ኤካርት፣ ልክም ነው። ሎቢው ውስጥ ተቀምጬ የግድግዳውን ሰዓት ሳይ ዋልኩ። ፒት አሁን አለ... አሁንም አለ... ሉድገር ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። "አንድ ድራፍት ካገኘሁ ሰው እሆናለሁ" አለ። ታክሲ ጠራሁ።

ስንገባ ፒት ሽርጡን ፈቶ ጃኬት ለብሶ በጎን በር ሲወጣ አየሁት። ጮክ ብዬ ልጠራው? በማን ፊት?

አዲሱ ኮቤስ ትከሻው በር የሚያክል፣ ጢማም። ሳይጠየቅ አራት ብርጭቆ አስቀመጠ። ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው ተነሥቼ ባንኮኒው ዘንድ ያዝኩት።

"አልኮል የሌለው... በዚሁ ብርጭቆ... ጥግ ላይ ለተቀመጥኩት ለእኔ" አልኩ።

"ምን? ጮክ በል፣ ጌታው፣ እዚህ ቤት ሹክሹክታ አይሰማም።"

እንደገና አልኩት። "እሺ እሺ" አለ፣ እያየ ያለው ግን ሌላ ጠረጴዛ ነው። ቢሆንም አመጣ። የፊቱን አንስቶ ሌላ አስቀመጠልኝ። ጫፉን ቀመስኩት። አልኮል የሌለው ነው። ነፍሴ መለስ አለች። ዲትማር የድንች ቂጣ አዘዘ፣ ኤካርት ስለ ካቴድራሉ ጀመረ፣ ሉድገር ቀለሙ ተመለሰለት፣ ቀልዱም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። ጠጥቼ ጨረስኩ። ካርቶኗን መክደን ረሳሁ።

ብርጭቆ ባዶ፣ ካርቶን ጠረጴዛ ላይ። ኮቤሱ አለፈ፣ አራቱን በአንድ እጁ አስቀምጦ ሄደ። እኔ ወሬ ላይ ነኝ። ሉድገር ብርጭቆውን አነሳ፣ "ለአባታችን! ፍርሃት የሌለበት ጉዞ ስላሰናዳልን" አለ። አጋጨን። ሙሉ ጉንጭ ሳብኩ።

ወዲያው አወቅሁት።

አፌ ውስጥ ነው። ቀዝቃዛ። ሁሉም ያዩኛል፣ እየሳቁ። መዋጥ ነው እንጂ ምን አለ? አንድ ጉንጭ ምን ያደርጋል? እውነቱን ልጻፍ፦ ጣፈጠኝ። እንዴት እንደጣፈጠኝ። ዓመት ሙሉ የት እንደነበርኩ ረሳሁ። ጉሮሮዬ ሊከፈት ሲል ነው የሐኪሟ ፊት የመጣብኝ፣ ያ ማስፈራራት የሌለበት ፊት። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሮስቪታ ስትሞት እንኳ።

የዲትማር ሳህን ላይ ተፋሁት። የድንች ቂጣው ላይ።

ዲትማር ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ። "ጨው ነበረው እኮ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ኮቤሱ መጣ። "ውሃ" አልኩት። አፌን ልጉመጠመጥ ፈልጌ ነው። "ውሃ? ሳሙናና ፎጣውንም ላምጣልህ?" አለ፤ እዚህ ቤት ውሃ ላዘዘ ሁሉ የሚሉት ነው። ማንም አልሳቀም። ኮቤሱም ፊቴን ሲያይ ዝም ብሎ ውሃውን አመጣ።

ነገርኳቸው። ቆሽቱን፣ ሸክላውን፣ ኢርምጋርድን፣ ስልኮቹን። አንገቴን አቀርቅሬ ነው የተናገርኩት። ስጨርስ ኤካርት እጁን እጄ ላይ አድርጎ ነበር።

ሉድገር ተነሣ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። "ዓመት ሙሉ?" አለ። "ሐሙስ ሐሙስ ከእኔ ጋር ስታጋጭ? አንድ ጊዜም እውነተኛ አልነበረም?"

"አንድ ጊዜም።"

ጃኬቱን ወስዶ ወጣ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የቀረው የሱ ብርጭቆ ካርቶን አልተከደነበትም። ኮቤሱ ሌላ አስቀመጠለት።

እሑድ፣ መስከረም 27

ባቡር ላይ ሉድገር ሌላ ፉርጎ ተቀመጠ። የመጨረሻውን ቤት ማንም አላነሳውም።

ኤካርት ከጎኔ ነበር። ወንዙን እያየ፣ "ሃርትሙትን ያደረግነውን አይተሃል። ብትነግረን ኖሮ ነበር የሚገርመኝ" አለ። ዲትማር ፊት ለፊታችን የተኛ መስሎኝ ነበር፤ ዐይኑን ሳይገልጥ፣ "እኔ የሐሞት ጠጠሩን አላመንኩም ነበር። ግን ማን ይጠይቃል" አለ።

ቤት ቀዝቅዟል። ምድጃ አነደድኩ። ሁለቱ አልጣሉኝም። ለምንድን ነው ታዲያ ፍርሃቱ ያልለቀቀኝ? የሉድገር ፊት። ንዴት ብቻ አልነበረም። የደነገጠ ሰው ፊት ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 1

ሄድኩ። በሩ ላይ ሦስት ጊዜ ልመለስ አሰብኩ። ኢርምጋርድ ጠርሙሱን በግልጽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። እንዲህ ቀላል ነበር? ዲትማር ከዳቦ ቤቱ ኬክ አምጥቶ፣ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። "እንዳይተፋበት ከአባታችን እናርቀው" አለ።

ሉድገር አልመጣም። ስልክ አያነሳም። ኤካርት የሉድገር ሱቅ በር ላይ "ለጥቂት ቀን ዝግ" የሚል ወረቀት አይቷል። ሉድገር ሱቁን? ከሚስቱ በተፋታበት ቀን እንኳ ከፍቶ የዋለ ሰው ነው።

በኔ ምክንያት ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

እሑድ፣ ጥቅምት 4

ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሉድገር፣ በእሑድ ቀን የሥራ ልብሱን ለብሶ። ሳልጋብዘው ወጥ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። ጺሙን አልተላጨም።

"የሚጠጣ..." አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

"አንተ ቤት ምን ተገኝቶ ነው" አለ።

"እንደተቀየምከኝ ነው?" አልኩት።

"ተቀይሜሃለሁ። ግን ለምን እንደሆነ አልገባህም። ውሸቱ አይደለም፣ ሰው ይዋሻል። ቪሊ፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ ኩባያህን እያየሁ ነበር የምጠጣው። አንድ ስትጨርስ እኔም አንድ። ኢርምጋርድ ላንተ ስትሞላ 'ለእኔም ሙይልኝ' እላታለሁ። አንተ ደግሞ በየሳምንቱ ፊትህ እየወዛ፣ እንቅልፍህ እያማረ። እኔ ጠዋት እጄ ቁልፍ አይዝም። ፔርሙዙን አይተሃል፣ ቡና አልነበረም። ምን እል ነበር መሰለህ? 'ቪሊ ከእኔ እኩል ይጠጣል፣ እሱ ምንም አልሆነም። እንግዲህ መጠጡ አይደለም።' ልጄ እያለቀሰች ስትለምነኝ ምን አልኳት? 'ሂጂ ቪሊን ጠይቂው፣ እኩል ነን' አልኳት።" አፍንጫውን በእጁ ጠረገ። "ራሴን በውሃ ስለካ ነው የከረምኩት።"

ዓመት ሙሉ ለራሴ ስፈራ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው በኔ ኩባያ እየተለካ ይሰምጥ ነበር። እኔ ደግሞ እጁን አይቼ፣ ማስመለሱን ሰምቼ፣ የራሴ ጣጣ አለብኝ ብዬ አለፍኩት።

ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ማንኪያው ሳህኑ ላይ መንኳኳት ጀመረ።

"ሆስፒታል ደውዬ ነበር" አለ። "በራስህ እንዳታቆም፣ አደጋ አለው አሉኝ። ነገ ጠዋት ይቀበሉኛል። ብቻዬን ከሄድኩ ከመንገድ እመለሳለሁ።"

"እኔ እወስድሃለሁ።"

"በር አልከፍት ይሆናል። ራሴን አውቀዋለሁ። እሰድብህ ይሆናል።"

"ስደበኝ።"

"እንዳትሄድ ግን" አለ። ይህን ሲል ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። ሉድገር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ገና አልነጋም። ደብተሩን ያመጣሁት ሆስፒታል ወረፋ ይኖራል ብዬ ነው። የምጽፈው ግን የሉድገር ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው።

ደጋግሜ ደወልኩ። አልከፈተም። መብራቱ በርቷል። በበሩ መስታወት ኮሪደሩ ላይ ሻንጣው ይታየኛል፣ አጠገቡ ጫማው። ሰውየው ግን የለም።

ፈርቻለሁ። እንዲህ ለሌላ ሰው ፈርቼ አላውቅም... ለሮስቪታ ካልሆነ።

አንድ ጊዜ ከውስጥ፣ "ሂድ አንተ ውሸታም!" አለኝ። ብርጭቆ ይሁን ሳህን የሆነ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። ብዙ ጸጥ አለ። ኤካርት ዘንድ ልደውል ስልኬን አወጣሁ።

አሁን እግሩ ኮሪደሩ ላይ ይሰማኛል። በሩ ዘንድ ደርሶ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማኛል፣ በእንጨቱ ማዶ።

"አለህ?" አለ።

"አለሁ" አልኩ።